እንቅልፍ የነሣንና እንቅልፍ የሚነሣን

ሰላምታችን ሁሉ ስለ ሌሊት ነው። ጧት ስንገናኝ «እንደምን አደራችሁ?» እንባባላለን፤ ማታ ስንለያይ «ደኅና እደሩ» ተባብለን እንሸኛኛለን። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ሰፈር ግን ከምስጋናው ቀጥላ አንዲት ሐረግ ተለምዳለች፤ «ምን እንቅልፍ አለና!» የምትል። በውኃ ወረፋ፣ በእህል እደላ ሰልፍ፣ በቡና ዙሪያ ይህችን ሐረግ ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ እንቅልፍ ልንጽፍ ተስማማን። ዱቄቱ ባነሰበት፣ የወረቀታችን ጉዳይ በተንጠለጠለበት ሰፈር ስለ እንቅልፍ ማተት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው በማግሥቱ ከጎረቤቱ ጋር በባልዲ ይጣላል፤ ልጁን ያለ ጥፋቱ ይቆጣል፤ ጉዳዩን ለሚጠይቀው ሹም ትናንት የተናገረውን ዛሬ ያፋልሳል፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ያንጎላጃል። ከዚህም የከፋ አለ። ከገበያ በፍሬ የሚሸጥ የእንቅልፍ ክኒን የለመዱ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን አሉ። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ታስተኛቸው ነበር፤ ኋላ ሁለት አስፈለጋቸው፤ ዛሬ ክኒኑ ያለቀ ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ነገሩ የሰው ሕይወት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

አብዛኞቻችን የመጣነው ከካርቱም ነው። የካርቱምን እንቅልፍ የማያስታውስ የለም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቤት ውስጥ መተኛት አይቻልም ነበር፤ ሰው ሁሉ አንገረቡን ወደ ግቢው አውጥቶ ከሰማይ በታች ይጋደማል። በዴምና በጅሬፍ የሐበሻ ቡና ጀበና እስከ ውድቅት ከከሰሉ አይወርድም ነበር። ቢሆንም ሥራ ያደከመው ሰው ራሱን ትራስ ላይ ሲጥል እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ ይል ነበር።

ይህ የተቋረጠበትን ቀን አንረሳውም። ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ለክርስቲያኑ ቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ለሙስሊሙ ከረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች አንዱ ነው። ሁለቱም ወገን በጸሎት ሊተጋ የተዘጋጀበት ሌሊት ነበር። እኛ ግን ከመስኮት ርቀን፣ ወለል ላይ ተጋድመን፣ የአውሮፕላኑንና የመድፉን ድምፅ ስንቆጥር ነጋ። ከዚያም በኋላ ያሉት ሌሊቶች እንዲሁ ሆኑ። በዚያን ጊዜ አለመተኛት በሽታ አልነበረም፤ ዘብ መቆም ነበር። በሩ ሲንኳኳ ቀድሞ የሰማ፣ ልጆቹን ቀድሞ ያነሣ ሰው ነው ቀድሞ የወጣው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። የዚያ ሌሊት ተኩስ ከኋላችን ቀርቷል፤ እንቅልፉስ ስለ ምን ተከትሎን አልመጣም?

አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አስቀምጧል። እርሱ እንደሚለው የእንቅልፍ ማጣት ምክንያቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከጥንቱ በተፈጥሯችን ያለ ነው፤ አንዱ ነጎድጓድ አይቀሰቅሰውም፣ ሌላው የድመት ኮቴ ያነቃዋል። ሁለተኛው ድንገት የሚደርስ ነው፤ ጦርነት፣ ኀዘን፣ ስደት። ሦስተኛው ግን እንቅልፍ ካጣን በኋላ እንቅልፍን ፍለጋ ስንል የሚለመድ ነው፤ ያለ ጊዜ መጋደም፣ ጧት አልጋ ላይ መቆየት፣ ቀን ማሸለብ፣ ሌሊት ሰዓት እያዩ የቀረውን መቁጠር፣ «ዛሬም ካልተኛሁ ነገ እንዴት እሆናለሁ?» እያሉ መብሰልሰል። እሳቱን ክብሪት ጭሮ የለኮሰው አንድ ነው፤ እንጨት እየጨመረ የሚያቆየው ሌላ ነው። ክብሪት የጫረውን ይዘን ለፍርድ ማቅረብ ከዐቅማችን በላይ ሆኗል። እንጨቱን መቀነስ ግን በእጃችን ነው። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

እንጨቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ እንቅልፍ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባለ በስዊትዘርላንድ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳስረዳው እንቅልፍን የሚጠሩት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንዱ ነቅተን በቆየን መጠን እየተጠራቀመ የሚሄድ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ቀንና ሌሊትን የሚለይ የሰውነት ሰዓት ነው፤ ይህ ሰዓት የሚሞላው በጧት ብርሃን ነው። ዕዳው ሞልቶ ሰዓቱም ሲደርስ እንቅልፍ ሳይለምኑት ይመጣል። ቀትር ላይ ሁለት ሰዓት ያሸለበ ሰው ግን ከዕዳው የተወሰነውን ከፍሏል፤ ማታ ሲጋደም የሚጠይቀው ባለዕዳ የለም። ካርቱም ሳለን ሥራው ራሱ ዕዳውን ይሞላልን ነበር። እዚህ ሥራ የለም፤ ሙቀቱ ከራኩባው ሥር ያጋድመናል፤ ቀኑም በማሸለብ ያልቃል። ሥራ የነጠቀን ስደት እንቅልፉንም በዚያው መንገድ ይነጥቀናል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር እንበል። ቡና ተዉ ብሎ የሚጽፍ ወረቀት በዚህ ሰፈር ምድጃ ማቀጣጠያ እንደሚሆን እናውቃለን። ነገሩ ያለው በሰዓቱ ነው። ነቅተን ስንውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይከማቻል፤ የእንቅልፍ ዕዳውን የሚያስታውሰን እርሱ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዛል፤ ዕዳው ሳይከፈል ማስታወሻው ይጠፋል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ያህል ከአምስት ሰዓት በኋላም ከሰውነታችን አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት አስቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ስለዚህ አቦሉም ቶናውም በረካውም ከቀትር በፊት ይሁን። ማታ ጀበናው ባይጣድም ጨዋታው አይቀርም፤ የተሰበሰብነው ለሰው ነው እንጂ ለካፌይን አይደለም።

ወደ መኝታው እንመለስ። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ዘዴ እስካሁን የዚህ ሕክምና ምሰሶ ነው። አልጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨነቅ ሰው አልጋውን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይለምዳል ይላል። እሳት ዳር ሲያንጎላጅ የነበረው ሰው ፍራሹ ላይ ሲወጣ ዐይኑ ቦግ የሚለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ልማዱን መገልበጥ ነው። እንቅልፍህ ሲመጣ ብቻ ተጋደም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተህ ካልወሰደህ ተነሥተህ ሌላ ቦታ ተቀመጥ፤ እንቅልፉ ሲመለስ አንተም ተመለስ፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጧት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሣ፤ ቀን አትተኛ።

ይህን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። «ሌላ ቦታ» ማለት ሌላ ክፍል ማለት ነው። ሰባት ሰው በአንድ ሸራ ሥር በሚያድርበት ቤት ሌላ ክፍል ከየት ይምጣ? አልጋው ወንበራችን ነው፤ ጠረጴዛችንም ነው፤ እንግዳ የምናስቀምጠውም፣ ልጅ የምናስጠናውም በርሱ ላይ ነው። ደንቡ የተጻፈው ባለ ብዙ ክፍል ቤት ላለው ሰው ነው ብለን ልንተወው ነበር። ያስተዉን አንድ አዛውንት አባታችን ናቸው። «መነኩሴ ለሰዓታት ሲነሣ ሌላ ክፍል አለው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለውዳሴ የሚነሣ ክርስቲያንም፣ ለተሐጁድ የሚነሣ ሙስሊምም የሚያደርገው አንድ ነው፤ መኝታውን ለቆ ሰሌን ላይ ይቀመጣል ወይም ይቆማል። የሚያስፈልገው ሁለተኛ ክፍል ሳይሆን ሁለተኛ መቀመጫ ነው። ከመኝታው አንድ ክንድ የራቀች ሰሌን ትበቃለች። ወደ ውጭ መውጣት ለሴቶች በሌሊት አያስተማምንምና ከደጃፉ ሳይወጡ ሰሌኗ ላይ ተቀምጦ መጸለይ፣ መቁጠሪያ መቁጠር፣ መፍተል፣ ጥልፍ መያዝ ይቻላል። ቀን ደግሞ ፍራሹን ጠቅልሎ ግድግዳ ማስደገፍ ነው። የተጠቀለለ ፍራሽ ማንንም አይጠራም።

የመጨረሻው ዘዴ ከሁሉ የከበደውና ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ነው። እርሱም መዝገብ ይፈልጋል። ከዴም የመጣች አንዲት እኅታችን እንዴት እንዳደረገችው እንናገር፤ ስሟን እንዳናወጣ ስለ ጠየቀችን አናወጣውም። በውጭ አገር የምትኖር ባለሙያ ወገናችን በሳምንት አንድ ቀን ስልክ እየደወለች መራቻት። እኅታችን አንድ ሳምንት ሙሉ በየጧቱ ስንት ሰዓት እንደተጋደመች፣ ስንት ሰዓት እንደተነሣች፣ በግምት ስንት ሰዓት እንደተኛች በልጇ ደብተር ጻፈች። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተጋድማ ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ይህ 9 ሰዓት ነው። የተኛችው ግን 5 ሰዓት ብቻ ነው። አምስትን ለዘጠኝ ብናካፍል ከመቶ 55 ገደማ ይሆናል። ቀሪው አራት ሰዓት የእንጨቱ ክምር ነው።

ባለሙያዋም እንዲህ አለቻት፤ «የምትተኚው አምስት ሰዓት ከሆነ ለአልጋው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ስጪው። መነሻሽ 11 ሰዓት ይቆይ፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እንዳትጋደሚ።» እንቅልፍ ላጣ ሰው እንቅልፍ ቀንስ ማለት ግፍ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእውነትም ከባድ ነበሩ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እንዳታሸልብ ጎረቤቶቿ በተራ ሲያጫውቷት ያመሹ ነበር። ዕዳው ግን ሞላ። በሦስተኛው ሳምንት መዝገቧ ከመቶ 85 ሲያልፍ ባለሙያዋ ሩብ ሰዓት ጨመረችላት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ሌላ ሩብ። በሰባተኛው ሳምንት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተጋድማ 11 ሰዓት የምትነሣ ሆነች፤ ከዚያም ውስጥ ስድስት ሰዓት ያህሉን ትተኛለች። በርግጥ የካርቱም ሕልሟ አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይመጣባታል። እርሷ ስትነግረን እንዲህ አለች፤ «ድሮ ሕልሙ ሲቀሰቅሰኝ እስኪነጋ ከርሱ ጋር ነበርኩ፤ አሁን ሰሌኔ ላይ ተቀምጬ እሸኘዋለሁ።»

ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ በድምፅ ብቻ መታከም ይቻላል ወይ ለሚል አንባቢ ሁለት ማስረጃ እናቅርብ። በአሜሪካ በዋሺንግተን ስቴት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት የተደራረበባቸው 327 ሰዎች በአንድ ጥናት ገብተው ነበር። ከፊሎቹ ይህንኑ ሕክምና በ8 ሳምንት ውስጥ በ6 የስልክ ጥሪ ተቀበሉ፤ አንዱ ጥሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ሌሎቹ በስልክ ጠቅላላ ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የታከሙት በተሻለ ተኙ፤ ከዓመት በኋላም ጥቅሙ አልጠፋም። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በዑጋንዳ ራይኖ በተባለው የስደተኞች ሰፈር 694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ከፊሎቹ በጁባ ዐረብኛ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት አምስት ጊዜ እየተሰበሰቡ ሰሙ። የሚያስተባብሯቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጽሑፍ እንደተገለጸው ከሦስት ወር በኋላ የሴቶቹ ጭንቀት ቀልሎ ተገኘ። ትምህርቱ ስለ ጭንቀት እንጂ ስለ እንቅልፍ ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም ዕውቀት ሐኪም ባይኖርም በድምፅ ተጉዞ ሰፈር ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

ካርቱምም ብትሆን ለዚህ ዐሳብ እንግዳ አይደለችም። ከ1911 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የኖሩት ሱዳናዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ በ1950 ገደማ በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመም ክሊኒክ ከፍተው ነበር። የሕዝቡን እምነትና ባሕላዊ ፈዋሾቹን ሳይንቁ ሕክምናውን ሰዉ ወዳለበት ይዘው የሄዱ ሰው ናቸው። በኡምዱርማን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል። የአዛውንቱ አባታችን የመነኩሴው ምሳሌ የሚስማማው ከዚህ ዓይነቱ ሕክምና ጋር ነው።

ስልክም ቢሆን የሚታመን አይደለም። በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የስልክና የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው ሱዳን በጠፋ ጊዜ ሰው ዘመዱ መኖር አለመኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሰነበተ። የስታርሊንክ ሳህን ያለበት ሱቅ ደጃፍ ገንዘብ ከፍሎ መሰለፍ የተለመደውም ከዚያ ወዲህ ነው። የመዝገቡ ሒሳብ ግን መስመር አይፈልግም። ደብተርና እርሳስ፣ መደመርና ማካፈል ይበቃዋል። ይህን በእጃችን መጻፋችንም ስለዚሁ ነው።

አሁን ጥንቃቄውን እንንገር፤ ይህ ክፍል ለሌሎች ሲነበብ እንዳይዘለል አደራ እንላለን። እንቅልፍ ማሳጠር የሚጥል በሽታ ላለበት፣ አንዳንዴ ያለ ልክ እየፈነጠዘና እያበደ ሌላ ጊዜ በኀዘን ለሚወድቅ ሰው አይሆንም፤ በሽታውን ይቀሰቅስበታል። ነፍሰ ጡርም ያለ ሐኪም ምክር አትጀምረው። ለማንም ቢሆን ከአምስት ሰዓት በታች አይወረድም። ክኒን የለመደ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን እንዳይጥለው። ድንገት መተው እስከ መንዘፍዘፍና ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል፤ በጤና ባለሙያ እየታየ ጥቂት በጥቂት ይቀነሳል። ላልጀመረውም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን መመሪያ እናስታውስ፤ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንቅልፍ ላጣ አዋቂ ዲያዜፓምና የርሱ ዘመዶች የሆኑ ክኒኖች እንዳይሰጡ ይላል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ላለበት አዋቂ ሁሉ መጀመሪያ ይህ የልማድ ሕክምና ይሰጠው ብሏል። መኖር ያስጠላው፣ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ግን ከመዝገቡ በፊት ሰው ያስፈልገዋል። ብቻውን አናሳድረው፤ ወደ ጤና ጣቢያው አብረነው እንሂድ።

ዱካክ ተጫነኝ የሚሉንም አሉ፤ ነቅተው መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፣ ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላቸዋል። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል አብዛኛው ጡንቻችን ይታሰራል፤ ሕልማችንን በእግራችን እንዳንሮጠው ነው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ እስራቱ ገና ሳይፈታ ያገኘዋል። እንቅልፍ ባነሰ ቁጥር ይህ ይበዛል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም፤ ብዙ ሳይቆይ ይለቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መባል አለበት። ሌባ በሚዞርበት፣ ሴቶች በሚሰጉበት ሌሊት ንቁ ሆኖ ማደር በሽታ አይደለምና በመዝገብ አይታከምም። የዚያ መድኃኒቱ መብራትና ጥበቃ ነው። በሰፈሩ በስተምሥራቅ በኩል ያሉ ጎረቤቶች ሌሊቱን በአራት ተራ ከፍለው መጠበቅ ከጀመሩ ወዲህ፣ ተራው ያልደረሰው ሰው ከበፊቱ በተሻለ እየተኛ መሆኑን ነግረውናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሁሉም ዘብ የሆነበት ሰፈር ሁሉም ሳይተኛ ያድራል፤ ዘቡ ሲታወቅ ግን ሌላው ዐይኑን ይከድናል። ይህን የተራ ጥበቃ ሌሎቹም ቀጠናዎች እንዲጀምሩት እንጠይቃለን።

መዝገቡን ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ወደ ንባብ ቤታችን ይምጣ፤ መሥመር የተሰመረበት ወረቀት እንሰጠዋለን፣ ማካፈሉ የቸገረውንም እናግዘዋለን። የዚህ እትም ቅጂ ጥቂት ነውና አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደሚቀጥለው ቤት አሳልፉ፤ ማንበብ ለማይችለው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ብትችሉ በቀትር አንብቡት፤ ከማሸለብ ያድናል።

ቸር ያሳድረን።